ከሐኪም ቤት በር ላይ የተነሳ ፎቶግራፍ

ባለፈው ወር አንድ ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ አውቶቡሴን ዴፖ አስገብቼ ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዳሁ ሳለ ልጄ ደወለች። በዚያ ሰዓት የልጅ ስልክ ሲጮህ የወላጅ ሆድ ምን እንደሚል የወለደ ያውቀዋል።

“ምነው? ደህና ነሽ?” አልኳት፣ ሃሎ እንኳ ሳትል።

“ደህና ነኝ አባዬ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ፒርስ ሞርጋን የጋዜጣ ሰው በነበረ ጊዜ አንተ ለንደን ነበርክ አይደል?”

ሻዩ እጄ ላይ ፈሰሰ። ለዚህ ነው እንዴ ያስደነገጠችኝ?

ልጄ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የተወለደችው እዚሁ ለንደን ነው። (አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ የምጽፈው አቃንቼ ነው።) ካለፈው ዓመት ማብቂያ ጀምሮ የመዝናኛ ፕሮግራም በሚሠራ አንድ ድርጅት ውስጥ በተለማማጅነት ተቀጥራለች። ነገሩን በአጭሩ ነገረችኝ። አንዲት ወጣት ዘፋኝ ከሐኪም ቤት ስትወጣ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ቢሮ ደርሷል። የልጄ አለቃ ጠዋት ለዘፋኟ እናት ደውላ “አንድ ቃል” እንድታመጣ አዝዟታል። ስታመነታ ሲያይ ታዲያ እንዲህ አላት፤ ፒርስ ሞርጋንም የተነሳው ከወሬ አምድ ነው፣ ዛሬ የት እንደደረሰ ተመልከቺ።

“ልደውል ወይስ ልተወው?” አለችኝ።

እኔ ቶሎ የሚመልስ ሰው አይደለሁም። “ቤት ስደርስ እደውልልሻለሁ” ብዬ ዘጋሁትና ሌላ ሾፌር በሚነዳው የሌሊት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እስከ ቤቴ አርባ ደቂቃ ነው። አርባውንም ደቂቃ ያሰብኩት ስለዚያ ሰውዬና ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለልጄ ስላልነገርኳት አንድ ነገር ነው። ሃያ ሰባት ያልኩት ከመወለዷ በፊት ያለውን ጨምሬ ነው፤ ለእናቷም አልነገርኩም ነበርና።

አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎች ሰውየውን በስም ባታውቁት በመልክ አታጡትም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ክርስቲያኖ ሮናልዶ ማንችስተር ዩናይትድንና አሰልጣኙን ያብጠለጠለበት፣ በቀናት ውስጥም ከክለቡ የተለያየበት ቃለ ምልልስ ትዝ ይላችኋል? ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ይጠይቀው የነበረው ነው። የአርሴናል ደጋፊዎችማ “ቬንገር ይውጡልን” እያለ ለዓመታት ሲጮህ የነበረው ሰው ብላቸው ወዲያው ያውቁታል። እኔ የማውቀው ግን ከዚያ በፊት ነው። በቴሌቪዥን ከመታየቱ አስቀድሞ፣ በጋዜጣ በኩል።

ከዚህ በኋላ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ልቀጥል። ሞርጋን በ1965 ተወለደ። የጥርስ ሐኪም የነበሩት አባቱ ገና ዓመት ሳይሞላው ሞቱ። ሞርጋን የሚለውን ስም ያገኘው እናቱ በኋላ ካገቡት ሰው ነው። በሰሴክስ ገጠር አደገ፣ ሃርሎ በሚባል ከተማ ጋዜጠኝነት ተማረ፣ በደቡብ ለንደን የሰፈር ጋዜጦች ላይ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ‘ዘ ሰን’ የተባለው ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ኬልቪን ማኬንዚ አየውና ‘ቢዛር’ የተባለውን የመዝናኛ አምድ ሰጠው። እንግዲህ ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የዚያ አምድ ዘዴ ቀላል ነበር። በየቀኑ አንድ ዝነኛ ይኖራል፤ ከዝነኛው ጎን ደግሞ አምደኛው ራሱ እየሳቀ ቆሞ ይታያል። ከማዶና ጋር፣ ከፖል ማካርትኒ ጋር፣ ከስታሎኒ ጋር። ሐሳቡ የማኬንዚ ነበር። አንባቢው “ይሄ ልጅ የከዋክብት ወዳጅ ነው” ብሎ እንዲያምን ነው። ሞርጋን በኋላ ሲናገር አብረውት የተነሱት ሰዎች ማን እንደሆነ እንኳ እንደማያውቁ አልደበቀም። እኔ ይህን የመሰለ ቅንነት ይማርከኛል፣ ከልቤ ነው የምለው። ዘዴው ግን ሠራ። ወሬ ጻፊው ራሱ ወሬ ሆነ። በኋላ ቴሌቪዥን ላይ የምናየው ሰውዬ የተወለደው በእነዚያ ፎቶግራፎች ውስጥ ይመስለኛል።

በኛ ቋንቋ ወሬ ማለት ዜናም ነው፣ ሐሜትም ነው። እኔም የዚያ ሰፈር ልጅ ነበርኩ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ይህ እንኳ በእኛው አቆጣጠር ነው፣ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን በፈሉበት ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ጋዜጣ የኪነ ጥበብ ገጽ የእኔ ነበረች። ስሙን አልጠራውም፤ ጋዜጣውም ከጠፋ ቆይቷል። ገጹ ኪነ ጥበብ ተብሎ ይጠራ እንጂ አንባቢው የሚፈልገው ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን ካሴት እንደሚያወጣ፣ ማን አሜሪካ ሄዶ እንደቀረ ነበር። ፒያሳ ካሴት ቤቶች ደጃፍ ቆሜ የሰማሁትን፣ ናይት ክለብ በር ላይ የለቀምኩትን እጽፍ ነበር። አዟሪዎቹ የእኔን ርዕስ እየጮሁ ሲያልፉ ደረቴ ይነፋ ነበር። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ ምን ይደረግ።

ሞርጋን ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ በ1994፣ በሃያ ስምንት ዓመቱ የ‘ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ’ ዋና አዘጋጅ ሆነ። በብሪታንያ ብሔራዊ ጋዜጣ ላይ ያን ያህል ወጣት አዘጋጅ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልታየም ነበር። እሑድ እሑድ ከአራት ሚሊዮን ቅጂ በላይ የሚሸጥ ጋዜጣ ነው የተሰጠው። ባለቤቱ ሩፐርት መርዶክ ናቸው። በዓመቱ አካባቢ የልዕልት ዳያና ወንድም የኧርል ስፔንሰር ባለቤት በአንድ ማገገሚያ ክሊኒክ ግቢ ውስጥ እንዳለች ከሩቅ የተነሳ ፎቶግራፍ አወጣ። የፕሬስ ቅሬታ ሰሚው ኮሚሽን ጥፋተኛ አለው፤ መርዶክም የራሳቸውን አዘጋጅ በአደባባይ ገሠጹት። ብዙም ሳይቆይ እዚያ ያለውን ሥራ ለቅቆ የተቀናቃኙን የ‘ዴይሊ ሚረር’ን ወንበር ያዘ። ወደቀ ሲሉት ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ይህን ደጋግማችሁ ታዩታላችሁ።

እኔ ለንደን የገባሁት በ1999 ነው። ለምን እንደመጣሁ ሌላ ጊዜ። የመጀመሪያ ሥራዬ ካናሪ ዋርፍ በሚባለው ሰፈር፣ ሃምሳ ፎቅ ባለው ረጅም ሕንፃ ውስጥ የሌሊት ጽዳት ነበር። ያኔ በብሪታንያ ከእርሱ የሚረዝም ሕንፃ አልነበረም። የእኔ ፎቆች የገንዘብ ሰዎች ቢሮዎች ነበሩ፤ ‘ሚረር’ም በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነበር፣ ከእኔ ከፍ ብሎ። ሞርጋንን በአካል አይቼው አላውቅም። እርሱ ቀን የሚወጣበትን ሕንፃ እኔ ሌሊት እወለውለው ነበር፤ ዝምድናችን ይኸው ነው። ግን አንድ የቀድሞ የመዝናኛ አምደኛ ከላይ ጋዜጣ ሲያዘጋጅ ሌላ የቀድሞ የመዝናኛ አምደኛ ከታች የቆሻሻ ቅርጫት ሲገለብጥ አስቡት። እኔ ያኔ ሲያስቀኝ ነበር። ብቻዬን ስለምሠራ የሚሰማኝ አልነበረም።

ከቅርጫቶቹ ውስጥ ጋዜጦች አወጣና በእረፍት ሰዓት አነባለሁ። እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት ስለነበር ታብሎይድ ይቀለኝ ነበር። መጀመሪያ የተካንኳቸው ቃላት ‘ቅሌት’፣ ‘ድንጋጤ’፣ ‘ምስጢራዊ ፍቅር’ የሚሉት ናቸው፤ የቤት ኪራይ ውል ሲሰጡኝ አንዳቸውንም አላገኘሁበትም።

በየካቲት 2001 አንድ ሌሊት ‘ሚረር’ን ገልጬ ናኦሚ ካምቤልን አየሁ። ሞዴሏን ማን የማያውቃት አለ? ፎቶግራፉ ግን የመድረክ አልነበረም። የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ለማሸነፍ የሚጥሩ ሰዎች ከሚሰበሰቡበት ቦታ ደጃፍ ላይ ሳታውቅ የተነሳችው ነው። ጽሑፉ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም በርቺ የሚል ቃና ነበረው። እኔ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያየሁት እርሷን አልነበረም።

ያየሁት ሌላ ሴት ነው። በ1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ፣ ፎቶ አንሺያችን ከአንድ ሐኪም ቤት በር ላይ ያነሳት ድምፃዊት። ከስታለች፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ አጣፍታለች። ያን ዘመን የምታስታውሱ፣ በዚያን ጊዜ “ከሳ” ማለት ምን ማለት እንደነበር ታውቃላችሁ። የበሽታውን ስም መጥራት እንኳ አያስፈልግም ነበር። እኔም አልጠራሁትም። ፎቶውን ትልቅ አድርጌ አወጣሁና ከላዩ “ምን ነካት?” ብዬ ጻፍኩ። በጥያቄ ምልክት። የጥያቄ ምልክት የወሬ ጻፊ ጃንጥላ ነው፤ ዝናቡ ሌላው ላይ ይወርዳል። ጋዜጣው በዚያ ሳምንት እስከ እኩለ ቀን አለቀ። ሴትየዋ ምን አሟት እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ጨጓራ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ልትጠይቅ ሄዳም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ካምቤል ጋዜጣውን ስትከስ ጉዳዩን እንደ ራሴ ጉዳይ ተከታተልኩት። አንዴ ረታች፣ ይግባኝ ተባለባትና ተረታች፣ በመጨረሻ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ የሚሰጠው እዚያ ነበር። በግንቦት 2004 አምስት ዳኞች ተቀምጠው ሦስት ለሁለት ፈረዱላት። የፍርዱ አካሄድ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበር። ዕፅ ወስጄ አላውቅም ስትል ስለኖረች፣ መውሰዷን ጋዜጣው መጻፉ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሕክምናዋን በዝርዝር ማውጣቱና በዚያ በር ላይ ያነሳትን ፎቶግራፍ ማተሙ ነው። እውነቱን ለመናገር መብት አለህ፤ በሩ ላይ ቆመህ ለመጠበቅ ግን የለህም፤ እኔ እንዲህ ነው የተረዳሁት። የተፈረደላት ካሣ 3,500 ፓውንድ ብቻ ነው። የጠበቆቿ ሒሳብ ግን ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆኖ ቀረበ! በዚህ አገር ክብር ርካሽ ነው፣ ጠበቃ ነው ውዱ።

ሞርጋን ይህን ፍርድ በተሰጠ በስምንተኛው ቀን ተባረረ። ምክንያቱ ግን ሌላ ፎቶግራፍ ነው።

እዚህ ላይ ለሰውየው የሚገባውን ልስጠው። የኢራቅን ጦርነት ‘ሚረር’ አምርሮ ተቃውሟል። በየካቲት 2003 ለንደን ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲወጣ እኔና ባለቤቴ ልጃችንን በጋሪ እየገፋን ነበርን፤ ባለቤቴ የያዘችው ሰሌዳ ጋዜጣው ራሱ ያሳተመው ነበር። መንግሥትን የሚደግፈው ይበዛ በነበረበት ሰዓት እንዲያ መቆም ቀላል አልነበረም። በግንቦት 2004 ግን ጋዜጣው የእንግሊዝ ወታደሮች አንድ ኢራቃዊ እስረኛ ሲያሰቃዩ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች አወጣ። ፎቶግራፎቹ ሐሰተኛ መሆናቸው ተረጋገጠ። ሞርጋን ይቅርታ አልጠይቅም አለ፤ በዚያው ዕለት ከሥራ ተሰናብቶ ከሕንፃው ወጣ። ሌሊት ስንገባ የጽዳቱ ሠራተኛ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነበር። አንዲት ጋናዊት ባልደረባዬ “ትልቅ ሰው ሲወድቅ ድምፁ ይሰማል፣ ወዴት እንደሄደ ግን አይታይም” ብላ ሳቀች። ተሳስታለች። ወዴት እንደሄደ መላው ዓለም አየው።

የቴሌቪዥኑን ዘመን ብዙ አልዘረዝርም፤ በየቤታችሁ የገባ ስለሆነ። በ2005 የማስታወሻ መጽሐፉ ወጣና ተቸበቸበ። ሳይመን ካውል በ2006 ለአሜሪካው፣ በ2007 ለእንግሊዙ የተሰጥኦ ውድድር ዳኛ አደረገው። በ2009 ያች የአርባ ሰባት ዓመት ስኮትላንዳዊት ሱዛን ቦይል አፏን ስትከፍት አዳራሹ ሁሉ ሲደነግጥ ከዳኞቹ አንዱ እርሱ ነበር። በ2008 ዶናልድ ትራምፕ የሚመሩት የዝነኞች የሥራ ውድድር አሸናፊም ሆነ። በ2011 ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት የቆየውን የላሪ ኪንግን ሰዓት ወርሶ ሲኤንኤን ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያ እንግዳው ኦፕራ ዊንፍሪ ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት ማብቂያ ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ሃያ ሕፃናትና ስድስት የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ከተገደሉ በኋላ ስለ ጠመንጃ ሳይታክት ተሟገተ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው “ከአገር ይባረር” ብሎ ፈረመበት። ፕሮግራሙ በ2014 ተዘጋ። በ2015 ለንደን ተመልሶ የጠዋት ፕሮግራም አቅራቢ ሆነ። እስከዚያች የመጋቢት 2021 ጠዋት ድረስ ማለት ነው፤ ስለ ሜገን ማርክል በተናገረው የተነሳ የአየር ንብረት አቅራቢው ሲወቅሰው ስቱዲዮውን ጥሎ ወጣ፣ በዚያው ቀን ሥራውን ለቀቀ። ሜገንን ያነጋገረቻት ያችው ኦፕራ መሆኗ ይገርመኛል፤ አንዱን ወንበር መርቃ ከፈተችለት፣ ሌላውን ሳታስበው ዘጋችበት። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሃምሳ ሰባት ሺህ በላይ አቤቱታ ደረሰው። መርምሮም ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ብሎ ነጻ አደረገው።

እኔ ከዚህ ሁሉ አንድ ምሽት ነው የማይረሳኝ። የካቲት 2010። ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ባለቤታቸው ታዳሚዎች መካከል ተቀምጣ ሞርጋን ፊት ቀረቡ። ስለ መጀመሪያ ልጃቸው ስለ ጄኒፈር ጠየቃቸው። በ2002 መግቢያ በአሥር ቀኗ የሞተችባቸው ልጅ ናት። ብራውን ድንጋይ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ጠየቀና ዝም አለ። አልገፋም፣ አላቋረጠም። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ባለቤቴ የእኛን ልጅ የወለደችው በዚያው ዓመት ስለሆነ ሶፋው ላይ አብራቸው አለቀሰች። እኔ ደግሞ “ይሄ ሰውዬ እንዲህም ይችላል እንዴ?” አልኩ። በእርግጥ ምርጫው ሦስት ወር ቀርቶት ነበር፤ ሰውየውም እዚያ የተቀመጡት ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። ቢሆንም ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ፈቅደው ነው። የሚጠየቁት ሐዘን የራሳቸው ነው፣ በሩን የከፈቱትም ራሳቸው ናቸው።

እንዲህ ብዬ ሰውየውን ልወደው ስል ሌላው ነገር ይመጣል። በታኅሣሥ 2023 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልዑል ሃሪ ‘ሚረር’ን በከሰሱበት ጉዳይ ወሰነ። የሰዎችን የስልክ የድምፅ መልእክት ሰርቆ ማዳመጥ በጋዜጦቹ ውስጥ የተስፋፋ ነበር አለ፤ ሞርጋን ያውቅ እንደነበር የቀረበውንም ምስክርነት ዳኛው ተቀበሉ። እርሱ የዚያኑ ዕለት ደጃፉ ላይ ቆሞ ስልክ ሰርቄ አላውቅም፣ ማንንም አላዘዝኩም ብሎ ካደ። ተከሳሹ ጋዜጣው እንጂ እርሱ አልነበረም። እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ግን ለእናቷ “ዶክተሩ ጥሩ ነው ያለኝ፣ አታስቢ” ብላ መልእክት የተወችን ልጅ አስባለሁ፤ ያንን የሚያዳምጠው ሦስተኛ ሰው ማን ይሁን? ዛሬ ሞርጋን ከመደበኛው ቴሌቪዥን ወጥቶ ዩቲዩብ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙን የራሱ አድርጓል። የልጄ ትውልድ የሚያውቀው ይህንን ነው። ጩኸቱን ያያሉ፤ በሩ ላይ የቆመውን ፎቶ አንሺ አላዩም።

አውቶቡሱ ሰፈሬ አደረሰኝ። ወጥ ቤት ገብቼ፣ ባለቤቴ እንዳትነቃ በሩን ዘግቼ ደወልኩላት። አልተኛችም።

ስለ ሞርጋን አልነገርኳትም። ስለ ድምፃዊቷ ነገርኳት። ጋዜጣው በወጣ በሦስተኛው ሳምንት እናቷ ቢሮ መጡ። ጥቁር ቀሚስ የለበሱ፣ አጠር ያሉ ሴት ናቸው። ዘበኛው ሊያስቆማቸው ፈልጎ አፈረ መሰለኝ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። አልጮሁም። ጋዜጣውን አራት ቦታ አጥፈው ከጉያቸው አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

“ልጄ፣ እናትህ በሕይወት አለች?” አሉኝ።

“አለች” አልኳቸው።

“እንግዲያው ትረዳኛለህ” አሉና ነገሩኝ። ለሰርግ የጠሯት ሁለት ቤተሰቦች ሰርዘዋል። ጎረቤት ቡና ሲጠጡ ለእርሷ የተለየ ሲኒ ይቀመጥላታል። ልጅቱ ከቤት መውጣት ትታለች። “እኔ እናቷ በምትጠጣበት እየጠጣሁ አሳያቸዋለሁ፤ ግን እኔን ማን ያየኛል? አንተን ነው የሚያዩት” አሉ።

ከስልኩ ማዶ ልጄ ዝም አለች። ሞርጋን ብራውን ፊት እንደዝምታው ዓይነት ዝምታ ነው፤ የሙያዋ ልጅ ሆናለች ማለት ነው።

“ማስተባበያ ጻፍክላቸው?” አለች በመጨረሻ።

“ጻፍኩ። ለዋና አዘጋጁ ግን አልሰጠሁትም። ቢወጣ ነገሩን መልሶ ያስታውሳል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን ስሜ ከሥሩ እንዲወጣ አልፈለግሁም።” ወረቀቱ ለንደን ድረስ አብሮኝ መጥቷል። ሁለት ቤት ስንቀይር አልጠፋም፤ እስካሁን በመንጃ ፈቃዴ ሰነዶች መሐል ነው።

“ለእናቷ ምን አልካቸው እሺ? እንዲህ ሲሉህ ምን መለስክላቸው?”

ይህን እንዳትጠይቀኝ ፈልጌ ነበር።

“ሻይ ላዝዝልዎት ነው ያልኳቸው።”

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም መሳቁን ትተን ትንሽ ቆየን።

“እና ጠጡ?”

“ጠጡ እንጂ። በእኔ ብርጭቆ። ሌላ አልነበረንም።”

በማግስቱ ልጄ ለዘፋኟ እናት አልደወለችም። ለአለቃዋ እንደማትደውል ነገረችው። አለቃዋ ሥራውን ለሌላ ተለማማጅ ሰጠው፤ ልጁ ደወለ፣ እናትየው ስልኩን ዘጋችበት፣ ፎቶግራፉ ያም ሆኖ ከሰዓት በኋላ ወጣ። የልጄ ውል የሚያበቃው በመጪው ወር ነው፤ ያድሱላት አያድሱላት ገና አልነገሯትም። ትናንት ደግሞ ደውላ የድምፃዊቷን ስም ጠየቀችኝ። ዩቲዩብ ላይ ዘፈኖቿን ልፈልግ ነው አለች። ስሟን ነገርኳት። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ያን ስም ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው፤ ባለቤቴም ከሳሎን ሆና “ማን ናት?” ስትል ሰማኋት።